ዳሊ፣ ሊጂያንግ፣ ሻሺ፣ ሻንግሪላ ወይስ ጂያንሹይ? በቀጭን ኪስ የዩናንን የጥንት ከተሞች ለሚዞር ሰው የንጽጽር መመሪያ

ፎቶ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እግር ያለሰለሰው የድንጋይ መንገድ፣ ጫፉ ሽቅብ የተቀለበሰ የሸክላ ጣሪያ፣ የተንጠለጠለ ቀይ ፋኖስ፣ ከኋላ ተራራ። በዩናን ዋና ከተማ በኩንሚንግ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ከአዲስ አበባም ከዱባይም የሚመጡ ጓደኞቼ ስልካቸውን እየዘረጉ "ይቺ ትሻላል ወይስ ይቺ?" ሲሉኝ፣ አንዳንዴ የቷ የቷ እንደሆነች ለመለየት እኔም ይቸግረኝ ነበር። ቦታው ላይ ሲደርሱ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። አንዷ እስከ እኩለ ሌሊት በባንድ ሙዚቃ ስትናጥ ሌላዋ ከምሽቱ 2 ሰዓት በሯን ትቀረቅራለች። አንዷ ጋ በፈጣን ባቡር ይገባል፣ ሌላዋ ጋ ለመድረስ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። አንዷ የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌላዋ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጡ ትንፋሽ ታሳጥራለች።

እዚህ የማወዳድረው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት ያሉ አምስት ከተሞችን ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ተጨማሪ ስሞች አነሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ውበትን ከመመዘኛው አውጥቼዋለሁ፤ አምስቱም ቆንጆዎች ናቸው፣ አይለያዩበትም። የአልጋ ዋጋም ሰው እንደሚያስበው አይለያይም። በአምስቱም ከተሞች በሆስቴል የጋራ ክፍል አንድ አልጋ በአብዛኛው ከ40 እስከ 80 ዩዋን፣ ለብቻ የሚያዝ ቀላል ክፍል ከ100 እስከ 200 ዩዋን፣ አንድ ትልቅ ሳህን የሩዝ ኑድል ከ10 እስከ 20 ዩዋን ይገኛል። 1 ዶላር 7 ዩዋን ገደማ ነው ብላችሁ አስሉት። ኪስ የሚያራቁተው ሌላ ነገር ነው፦ የመግቢያ ቲኬት፣ ገመድ መኪና፣ ከከተማ ከተማ መዘዋወር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ "ቲኬት ሳልቆርጥ በዚህች ከተማ ሁለት ቀን የሚያውለኝ ነገር አለ ወይ?" የሚል ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ባቡር አለ ወይ? ጣቢያውስ ከአሮጌው ከተማ ምን ያህል ይርቃል? ሦስተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች እዚያ የሚኖር ሰው ለብዙዎቹ ከተሞች አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። "እኔ የደጋ ልጅ ነኝ" የሚል ግን አሥር ዓመት ዶሃ ወይም ቴል አቪቭ የኖረ ሰው አይኩራራ፤ ሰውነት ይረሳል።

አራተኛው የራሴ መለኪያ ነው፤ የሽንኩርት ፈተና እለዋለሁ። በአሮጌው ከተማ ውስጥ ሩብ ሰዓት ተራመዱና ሽንኩርት፣ መጥረጊያ ወይም የልጅ ደብተር የሚሸጥ ሱቅ ፈልጉ። ካገኛችሁ ሰው ይኖርባታል ማለት ነው። ከበሮ፣ የብር አምባርና የአበባ ኬክ ብቻ ከሆነ የምታዩት፣ ነዋሪው ቤቱን አከራይቶ ወጥቷል፤ እናንተ የቆማችሁት ገበያ ማዕከል ውስጥ ነው። ሽንኩርት ያለበት ሰፈር የምግብ ዋጋውም ለነዋሪ የተተመነ ስለሆነ፣ ፈተናው ለኪስም ይሠራል።

ዳሊ፦ ብዙ ለመቆየት

ዳሊ በጻንግሻን ተራሮችና በኧርሃይ ሐይቅ መካከል፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች። ከ937 እስከ 1253 የራሷ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ የኩብላይ ካን ጦር ነው የደመሰሰው። አሁን የምናየው የከተማዋ አቀማመጥ በ1382 በሚንግ ዘመን የተቀየሰው ነው፦ አራት በር፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች። ከተራራው የሚወርደው ውኃ በየመንገዱ ዳር በቦይ ይፈሳል። ነዋሪዎቹ የባይ ሕዝብ ናቸው። ቻይናውያን እብነ በረድን በተለምዶ "የዳሊ ድንጋይ" ነው የሚሉት፤ ስሙ የወጣው ከዚህ ነው።

ዳሊን ለበጀት ተጓዥ የምመርጠው ነጻ ነገር ስለሚበዛባት ነው። ብስክሌት ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ተከራይቶ በሐይቁ ዳር ወደ ሺጆው መንደር መሄድ ብቻ አንድ ቀን ይሞላል። ሺጆው ውስጥ "ባባ" የሚባል፣ ከላይም ከታችም የከሰል ፍም ተደርጎበት የሚጋገር ወፍራም ቂጣ አለ፤ አንዱ ጨው፣ አንዱ ስኳር ያለው። የጻንግሻንን ከፍታ ለማየትም የግድ ገመድ መኪና አያስፈልግም፤ ጉልበት ያለው በእግሩ ይወጣል። ከላይ ተራራውን አግድም የሚቀድ የድንጋይ መንገድ አለ፤ አንዴ ከወጡ በኋላ ለሰዓታት ሜዳ እንደመሄድ ነው። በበልግ ድርቅ ወራት የሰደድ እሳት ተሰግቶ መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀኖች ስላሉ ጠዋት ሆስቴሉን መጠየቅ ይበጃል። ሦስቱ ፓጎዳዎች ደግሞ፣ ትልቁ 69 ሜትር ቁመት ያለውና ከ9ኛው ክፍለ ዘመን የቆመው፣ ከፍላችሁ ባትገቡም ከውጭ በደንብ ይታያሉ። እኔ አንዴም ከፍዬ አልገባሁም።

ጉድለቷ ምንድን ነው? ባቡሩ። ከኩንሚንግ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ቲኬቱ በሁለተኛ ማዕረግ 145 ዩዋን አካባቢ ነው። ነገር ግን "ዳሊ" የሚባለው ጣቢያ ያለው አዲሱ ከተማ ሺያጉዋን ውስጥ ነው። አሮጌው ከተማ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጣቢያው ደጃፍ ላይ የሚጣሩትን ሾፌሮች አልፋችሁ የከተማ አውቶቡስ ያዙ። ሌላው ቡና ነው። ዩናን ራሷ አረቢካ ታመርታለች፣ ዳሊም በካፌ ተሞልታለች፤ አንድ ሲኒ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳህን ኑድል ይበልጣል። ቡና በቀን ሦስቴ ለምደን ላደግን ሰዎች ይህ በጀት ይንዳል። ጀበናና የተቆላ ቡና ይዞ የመጣ ጓደኛ ነበረኝ፤ ሆስቴሉ ኩሽና ውስጥ ሲያፈላ ባለቤቷ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ኪራይ አልቀበልም አለችው።

የሽንኩርት ፈተና፦ ዋናው መንገድ ላይ ትወድቃለች። ወደ ሰሜን በር በኩል ባሉት ጎዳናዎች ታልፋለች።

ሊጂያንግ፦ አትደሩባት፣ ዙሪያዋን እዩ

ስሟ ከሁሉም የገነነው ሊጂያንግ ናት። 2,400 ሜትር ላይ ያለች የናሺ ሕዝብ ከተማ ናት። በፌብሩዋሪ 1996 ከ300 በላይ ሰው የገደለ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰባት፤ በዓመቱ፣ በ1997፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ከዚያ በኋላ ጎብኚው ጎረፈ፣ የቤት ኪራይ ናረ፣ ናሺዎቹም ቤታቸውን ለመጤ ነጋዴ እያከራዩ ወደ አዲሱ ከተማ ወጡ። ቅጥር የላትም። የሚነገረው ምክንያት ደስ ይላል፦ ገዢዎቹ የሙ ቤተሰብ ነበሩ፣ የስማቸው ፊደል ዙሪያውን ሲታጠር "ጭንቅ" የሚል ፊደል ይሆናል፣ ስለዚህ ግንብ አልሠሩም ይባላል።

ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ብትወጡባት ልብ ትሰርቃለች። ሱቆቹ ተዘግተው ቦዩ ብቻ ይሰማል፣ ድንጋዩ ረጥቧል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ባለባንዲራ አስጎብኚ የሚከተል ሰልፍ ነው። ማታ የመጠጥ ቤቶቹ ጎዳና ድምፅ ማጉያ በድምፅ ማጉያ ላይ ነው። የሽንኩርት ፈተናን ክፉኛ ትወድቃለች።

የጄድ ድራገን በረዷማ ተራራ 5,596 ሜትር ነው። መግቢያውና ትልቁ ገመድ መኪና ተደምረው ከ200 ዩዋን በላይ ይጠይቃሉ፤ ደመና ከሆነ የምታዩት ጭጋግ ነው። ይህን ገንዘብ አታውጡት። በምትኩ ወደ ባይሻ መንደር በከተማ አውቶቡስ ወይም በብስክሌት ሂዱ፤ ተራራው ከመንደሩ ዋና መንገድ በላይ ፊት ለፊት ተገትሮ ይታያል፣ ያለ ሳንቲም። ባይሻና ሹኸ ከሊጂያንግ ጋር አብረው በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፤ አልጋም አላቸው። ሊጂያንግን የግድ ማየት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ባይሻ ማደርና አሮጌውን ከተማ ማልዶ ማየት ነው።

የሊጂያንግ ትልቁ ጥቅም ግን በራሷ ውስጥ የለም። የነብር ዝላይ ሸለቆ መነሻዋ እሷ ናት። የያንግትዜ የላይኛው ክፍል የሆነው የጂንሻ ወንዝ በጄድ ድራገንና በ5,396 ሜትሩ የሃባ ተራራ መካከል ተጨምቆ ያልፋል። የላይኛውን የእግር መንገድ በሁለት ቀን ከቺያውቶው ተነስታችሁ ትጨርሱታላችሁ። መንገዱ ላይ ማደሪያ ቤቶች ስላሉ ድንኳን አያስፈልግም። ከባዱ "28ቱ ጥምዝምዝ" የሚባለው የመጀመሪያው ቀን አቀበት ነው፤ ትልቁን ቦርሳ ታች ትታችሁ በትንሽ ቦርሳ ውጡ። መግቢያው 45 ዩዋን ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወጪው አልጋና ምግብ ብቻ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ በከፈላችሁት ልክ ይህን ያህል የሚመልስ የለም። በክረምት ዝናብ ግን ድንጋይ ይናዳል፤ ሁለት ቀን ተከታታይ ከዘነበ ይቅርባችሁ።

ሻሺ፦ ፈረሱ የጠፋበት የፈረስ ገበያ

ሻሺን በጣም ስለምወዳት ሚዛኔ ትንሽ ሊያጋድል ይችላል፤ ይህን አውቃችሁ አንብቡ።

በዳሊና በሊጂያንግ መካከል፣ 2,100 ሜትር ላይ፣ በሸለቆ ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የዩናን ሻይ በበቅሎ ወደ ቲቤት፣ የቲቤት ፈረስ ወደዚህ በሚመላለስበት የነጋዴ መንገድ ላይ የነበረች ገበያ ናት። አደባባዩ መሐል ሁለት ያረጁ ዛፎች አሉ፤ በአንድ በኩል በ1415 የተሠራ የሺንግጂያው የቡድሂስት ቤተ መቅደስ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት የቲያትር መድረክ። መንገዱ በመኪና ሲተካ ሻሺ ተረሳች፤ የተረፈችውም ስለተረሳች ነው። በ2001 የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ለመጥፋት ከተቃረቡ 100 ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ከተታት። ከዚያ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከጂያንችዋን ወረዳ ጋር ሆነው ጠገኗት። የጥገናው ዘዴ ያስደስታል፤ ያረጀውን አፍርሶ "ጥንታዊ መሳይ" አዲስ ከመገንባት ይልቅ ያለውን ደግፎ ማቆየት። የግድግዳው ጭቃ ዛሬም ጭቃ ነው፣ ጭድ ሲወጣበት ይታያል።

ዓርብ ገበያ ነው፤ ጉዞአችሁን ለዓርብ ግጠሙት። ገበያው ከአሮጌው አደባባይ ወጥቶ አሁን ከአስፋልቱ ዳር ነው የሚውለው። የዪ ሕዝብ ሴቶች ጥቁር የራስ መሸፈኛቸውን አድርገው ከተራራው ይወርዳሉ። አንዲት አሮጊት በርበሬ በእጅ ሚዛን ስትመዝን አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዘንጉን በጣቷ አንጠልጥላ፣ የብረቱን ክብደት በክር እየገፋች አንድ ነጥብ ላይ ስታደርሰው ዘንጉ ቀጥ አለ። ከዚያ አየችኝ፣ አንድ እፍኝ ጨመረች፣ ዘንጉ ዘመመ፣ እሷም ሳቀች። ምራቂ መሆኑን ለመረዳት ቻይንኛ አላስፈለገኝም። ሽንኩርትማ በጀርባ ቅርጫት ነው የሚመጣው።

ከዚህ ውጪ የሚሠራው ነገር ትንሽ ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ይህ ጉድለት ነው። በዩጂን ድልድይ ተሻግሮ ሩዝ ማሳ መሐል መሄድ፣ ወደ ሺባውሻን ተራራ ወጥቶ ከናንዣውና ከዳሊ መንግሥታት ዘመን የቀሩ የዓለት ቅርጾችን ማየት፣ ማታ ዝምታ። ባቡር አይደርስባትም። ወደ ጂያንችዋን አውቶቡስ፣ ከዚያ ሚኒባስ፤ ሲሞላ ይንቀሳቀሳል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ረዳቱ ብቻ ነው የሚጎድለው።

ሻንግሪላ፦ ለብርድና ለከፍታ የተዘጋጀ ይሂድ

ስሟ እስከ 2001 ድረስ ጆንግዲያን ነበር፤ ጎብኚ ለመሳብ ሲባል ከአንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ተውሰው ቀየሩት። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃንን ያልፋል፤ ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ሳንቃበር ካምፕን ያስብ። ከዳሊ ወይም ከሊጂያንግ ደረጃ በደረጃ ብትወጡ ይሻላል፤ ከኩንሚንግ በአንድ ቀን ዘልቆ መግባት ራስ ምታት መግዛት ነው።

ዱከዞንግ የሚባለው አሮጌው ከተማ በጃንዋሪ 11 ቀን 2014 ተቃጥሎ ከ240 በላይ ቤቶች ወድመዋል። የምታዩት አብዛኛው እንደገና የተሠራ ነው፤ "ጥንታዊ" ፍለጋ ብቻ ከሆነ የምትመጡት ቅር ሊላችሁ ይችላል። ሶንግዛንሊን ገዳም ግን የ1679 ምሥረታ ነው፣ ባለ ወርቅ ጣሪያ፣ የቅቤ መብራት ሽታ ያለው። ከአደባባዩ በላይ ያለውን 21 ሜትር የጸሎት መሽከርከሪያ ሰው ተሰብስቦ ይገፋዋል፤ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ንቅንቅ አይልም፣ መንገደኛ እስኪመጣ ይጠበቃል። የሊጂያንግ–ሻንግሪላ ባቡር በኖቬምበር 2023 ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ነው፤ ድሮ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

አንድ ነገር፦ በብርድ ወራት ርካሽ ክፍል ስትይዙ "የሚሞቅ የአልጋ ልብስ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ፍራሽ ከግድግዳ ማሞቂያ ይበልጣል። ከሰል ግን ክፍል ውስጥ አታስገቡ፤ ከተማዋ ከእንጨት ናት፣ ያየችውንም አይታለች።

ጂያንሹይ፦ ማንም የማያነሳት

በደቡብ፣ በሆንግኸ አካባቢ ናት፤ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ፣ አየሯ ለዘብ ያለ። የኮንፊሽየስ ቤተ መቅደሷ በ1285 የተመሠረተ ሲሆን የምሥራቅ በሯ በ1389 የተሠራ ነው። ከበሩ ሥር ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፣ ወፋቸውን በቀፎ ሰቅለው። የሽንኩርት ፈተናን ያለ ጥርጥር ታልፋለች።

ቶፉዋን ላውራ። ክብሪት ሣጥን የሚያህል ቶፉ በከሰል ላይ በብረት ፍርግርግ ይጠበሳል፤ ደንበኛው ዙሪያውን በአጭር በርጩማ ተቀምጦ ራሱ እያነሳ ይበላል። ሻጯ አታወራም። አንድ ባነሳችሁ ቁጥር በስማችሁ በያዘችው ትንሽ ሳህን ውስጥ አንድ የበቆሎ ፍሬ ትጥላለች። ስትጨርሱ በቆሎውን ትቆጥራለች፣ ሒሳብ ያ ነው። ስድስት ሰው በአንድ ፍርግርግ ሲበላ አንድም ፍሬ ተሳስታ አላየሁም። ቶፉ የአኩሪ አተር ነውና ለጾመኛም ይሆናል፤ የተቀባው የአትክልት ዘይት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፣ ዩናን ውስጥ የአሳማ ስብ የማይገባበት የለም።

ከከተማዋ ተነስቶ በ17 ቅስቱ የድርብ ዘንዶ ድልድይ በኩል ወደ ቱዋንሻን መንደር የሚሄድ ቀርፋፋ የጎብኚ ባቡር አለ፤ ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት አለው። ፈረንሳዮች ከሃይፎንግ እስከ ኩንሚንግ በ1910 ያጠናቀቁት መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ይህኛው ቻይናውያን ራሳቸው የሠሩት ቅርንጫፍ ሲሆን ኋላ ላይ ነው ወደዚያ ልክ የሰፋው። ለገሃርን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ የጅቡቲውም የድሮ ሐዲድ በዚሁ ልክ ነው። ከጂያንሹይ በአውቶቡስ ወደ ዩዋንያንግ የሩዝ እርከኖች ይኬዳል፤ በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። እርከኖቹ ውኃ የሚሞሉት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ሁለቱን ማነጻጸሩ አይቀርም፦ ኮንሶዎች እርጥበትና አፈር እንዳያመልጥ በድንጋይ ያጥራሉ፣ የዩዋንያንግ ነዋሪዎች የሆኑት ሃኒዎች ተራራውን ሙሉ ኩሬ ያደርጉታል።

ሁለት ተጨማሪ ስሞች

ዌይሻን ከዳሊ በስተደቡብ በደርሶ መልስ የምትታይ ናት፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የገነነው የናንዣው መንግሥት የተነሳው ከዚህ ነው። የከተማ በሯ ግንብ በጃንዋሪ 2015 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። ዳሊ ሰው ከበዛባችሁ እዚህ ተሸሸጉ። ሶንግፓን ደግሞ በሲቹዋን ግዛት፣ 2,850 ሜትር ላይ፣ የሚንግ ዘመን ግንብ ያላት ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2017 ጀምሮ ቼንግዱን ከመዳረሻዎቹ ስላስገባት፣ በቼንግዱ ለሚገባ ሰው ዩናን ድረስ ሳይወርድ የምትታይ አማራጭ ናት።

በአንድ እይታ

| ከተማ | ከፍታ (ሜትር ገደማ) | እንዴት ይደረሳል | ያለ ቲኬት የሚያውል ነገር | የሽንኩርት ፈተና | ጫጫታ | የሚመከር ቆይታ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ዳሊ | 2,000 | ፈጣን ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ | ብዙ | ግማሽ | መካከለኛ | 4–7 ቀን |
| ሊጂያንግ (ባይሻ እያደሩ) | 2,400 | ፈጣን ባቡር | መካከለኛ | ወድቃለች | ከባድ | 1–2 ቀን፣ ለሸለቆው 2 ተጨማሪ |
| ሻሺ | 2,100 | አውቶቡስና ሚኒባስ | ጥቂት፣ ግን ጥሩ | አልፋለች | የለም | 2–3 ቀን፣ ዓርብን ጨምሮ |
| ሻንግሪላ | 3,200 | ባቡር ከሊጂያንግ | መካከለኛ | ግማሽ | ቀላል | 2 ቀን |
| ጂያንሹይ | 1,300 | ባቡር ከኩንሚንግ | ብዙ | አልፋለች | ቀላል | 2 ቀን፣ ለእርከኑ 1–2 ተጨማሪ |

ለማን የትኛው?

በቀን ከ150 ዩዋን በላይ ማውጣት ለማይችል ተማሪ፦ ዳሊ ላይ ሰንበት በል፣ ብዙ አትዘዋወር። አምስቱንም በአሥር ቀን "ለመጨረስ" የሚሮጥ ሰው ከአልጋው ይልቅ ለመንገድ ነው የሚከፍለው።

በቀን እስከ 250 ዩዋን ያለው ሰው ዳሊ፣ ሻሺ፣ ሸለቆው የሚለውን መስመር ይያዝ። ሊጂያንግን ለማለፊያ ብቻ ይጠቀምባት። ስምንት ቀን ይበቃል።

አራት ቀን ብቻ ላለው፣ በተለይ ከጓንጁ የንግድ ጉዞ መልስ ጎራ ለሚል ሰው፦ ጂያንሹይ። ከኩንሚንግ ቅርብ ናት፣ ከፍታ አያስቸግርም፣ ወረፋ የለም። ወላጆቹን ይዞ ለሚሄድም እሷኑ እመርጣለሁ፤ አባባና እማማን 28 ጥምዝምዝ ማስወጣት ወንጀል ነው።

ሙስሊም አንባቢዎች ዳሊ፣ ዌይሻንና ሶንግፓን ውስጥ አይቸገሩም፤ የሁዪ ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩባቸው ስለሆኑ "ቺንግጀን" (ሐላል) የሚል ምልክት ያላቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ጾም ላይ ያለ "ዎ ቺ ሱ" ይበል፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። እንቁላልና የዳሊን የወተት ጥቅል ግን ለይቶ መከልከል አለበት።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ቪዛው ምርጫውን ሊወስንላችሁ ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ቪዛ ያወጣል፤ ካወጣ በኋላ አምስቱም ክፍት ናቸው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ወደ ሦስተኛ አገር የሚቀጥል ትኬት ይዛችሁ በ240 ሰዓቱ የመሸጋገሪያ ፈቃድ መግባት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ዩናን ውስጥ ዳሊን፣ ሊጂያንግንና ሆንግኸን ሲያካትት ሻንግሪላ ያለችበትን ዲቺንግን አያካትትም። ሶንግፓንም ከክልሉ ውጪ ናት። ባቡሩ ስለሚሄድ ብቻ ተሳፍሮ መሄድ መዘዝ አለው።

የባቡር ቲኬት በፓስፖርት ቁጥር ነው የሚቆረጠው፤ መግቢያው ላይም የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። ሰዓቱ ደግሞ የእኛ አቆጣጠር አይደለም። 08:40 የሚለውን አይቶ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ጣቢያ የደረሰ ወዳጅ አለኝ፤ ባቡሩ ሊጂያንግ ከደረሰ ሰንብቷል።

ክፍያ በአብዛኛው በስልክ ነው። ቪዛ ወይም ማስተርካርዳችሁን አሊፔይ በሚባለው የቻይና የክፍያ መተግበሪያ ላይ ከአገራችሁ ሳትወጡ መዝግቡ፤ ካርዳችሁ ካልሠራ ጥሬ ዩዋን ይዛችሁ ግቡ፣ በተለይ ለሻሺ ገበያ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ጉግል በተራ ዋይፋይ አይሠሩም፤ የውጭ ሮሚንግ ያለው ሲም ይህን ያልፋል።

ወቅቱን ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እንደ እኛው ክረምት። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ተራራው ይታያል፣ ዋጋው ይወርዳል። ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ያለውን የቻይና ብሔራዊ በዓል ሳምንት ግን ሽሹት። ያኔ በ50 ዩዋን የምታውቁት የዳሊ አልጋ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ የባቡር ቲኬትም ገና ሽያጩ እንደተከፈተ ያልቃል። የግድ በዚያ ሳምንት ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ጂያንሹይ ግቡና ሰባቱን ቀን ቶፉ እየበላችሁ አሳልፉ።